ዝገቱ ከመፋቁ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ብልህ ሰው ቀለም አይቶ ብር አይቆጥርም። መካኒክ ይዞ ይሄዳል። መካኒኩም ኮፈኑን ያስከፍትና የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል። በሩን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ይሁን ስቱኮ በድምፁ ይለያል። የብሎን ራስ ላይ የቁልፍ ጭረት ካየ «ይቺ ተፈታታለች» ይላል። ሻጩ «ከእጄ አልወጣችም፣ ኦሪጅናል ናት» እያለ ቢምልም መካኒኩ የሚያዳምጠው ብረቱን ነው።

ይህ ጥበብ በአውሮፓና በአሜሪካ ራሱን የቻለ ትልቅ ሙያ ሆኗል። ከመቶ ዓመት በፊት የተወዳደረ መኪና፣ ወይም የዚያ መኪና ካምቢዮ ብቻ ሲገኝ፣ «የማን ነበር? መቼ ተሠራ? የት ተወዳደረ? ማን ቀየረው?» እያሉ ዓመታት የሚፈጁ ሰዎች አሉ። መኪኖቹ የተሠሩባቸውን አሮጌ ጋራዦች የሚያድሱም እንዲሁ። ከሩቅ ሲታይ የሀብታም ጨዋታ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ጥያቄው የሁሉም ሰው ነው፦ አሮጌን ነገር ማደስ ማለት ምን ማለት ነው?

መልሱ ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነው። ማደስ ማለት አዲስ ማስመሰል አይደለም። የሚያድስ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ማንበብ ነው። ሁለተኛው መመዝገብ ነው። ቁልፍ ማንሳት ሦስተኛ ይመጣል። ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ ሰው፣ እጁ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ምስክር ያጠፋል። ለዚህም ከእንግሊዝ አገር የእሽቅድምድም ታሪክ ሁለት መኪኖችንና አንድ ግቢን ማየት ይበቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሸዋ ውስጥ የከረመችው ባብስ

ጆን ፓሪ ቶማስ የዌልስ ተወላጅ መሐንዲስ ነበር። ከለንደን ደቡብ ምዕራብ ባለው የብሩክላንድስ የእሽቅድምድም ግቢ ውስጥ ጋራዥ ነበረው፤ ኑሮውም እዚያው ነበር። በ1924 ሉዊ ዝቦሮቭስኪ የተባለ ሀብታም ተወዳዳሪ ጣሊያን ሞንዛ ላይ ሲሞት፣ እንግሊዝ አገር ያሠራት ግዙፍ መኪና ያለ ባለቤት ቀረች። ቶማስ ገዛት።

መኪናዋ የተለቃቀመች ነበረች። ሞተሯ ባለ 12 ሲሊንደር የአሜሪካ የአውሮፕላን ሞተር ነው፤ መጠኑ 27 ሊትር። ዛሬ አዲስ አበባን የሞሏት ቪትሶች ሞተራቸው አንድ ሊትር ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ የሚል መሆኑን ማሰብ ነው። ካምቢዮዋ ከአሮጌ የጀርመን ቤንዝ የእሽቅድምድም መኪና የመጣ ነበር። ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው በሰንሰለት ነው። ቶማስ አሻሻላት፤ «ባብስ» አላት። በአፕሪል 1926 ፔንዳይን በሚባል የዌልስ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በሰዓት 171.02 ማይል፣ ማለትም ወደ 275 ኪሎ ሜትር አበረራት። የዓለም የምድር ላይ ፍጥነት ክብረ ወሰን ነበር።

በፌብሩዋሪ 1927 ማልኮልም ካምቤል በዚያው አሸዋ ላይ ክብረ ወሰኑን ወሰደበት። ቶማስ ለማስመለስ ተመለሰ። ማርች 3 ቀን 1927 ባብስ በሙሉ ፍጥነት ላይ እያለች ተገለበጠች፤ ቶማስም ሞተ። ወዳጆቹ መኪናዋን እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀበሯት።

ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሲነገር የኖረው ታሪክ አንድ ነው፦ ሰንሰለቱ ተበጥሶ የቶማስን ራስ መታው። አጭር፣ አሰቃቂ፣ ለወሬ የሚመች ታሪክ ነው። ጋዜጣም መጽሐፍም ደጋገመው። ማንም ሊያጣራው አልቻለም፤ ማስረጃው ከአሸዋ ሥር ነበራ።

በ1969 ኦወን ዊን ኦወን የተባለ የዌልስ መሐንዲስና መምህር ባብስን ቆፍሮ አወጣት። 42 ዓመት የጨው አሸዋ ውስጥ የቆየ ብረት ምን እንደሚመስል ለመገመት አያስቸግርም። ብዙው ክፍሏ ተበልቷል። ኦወን ግን የቀረውን እየለየ፣ ዓመታት ወስዶ፣ እንደገና አቆማት፤ ሞተሯም ተነሳ። ብረቱ ከተመረመረ በኋላ የሰንሰለቱ ታሪክ መነቃነቅ ጀመረ። ዛሬ ብዙ አጥኚዎች የሚያዘነብሉት መጀመሪያ የተበላሸው የኋላ ቀኝ ጎማው ነው፣ መኪናዋን የገለበጣት እሱ ነው ወደሚለው ነው።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። የሞተው ሰው መሐንዲስ ነበር። መኪናዋን በገዛ እጁ አስተካክሎ፣ በገዛ እጁ ነድቶ ሞተ። «በሰንሰለቱ ተገደለ» ሲባል የሚፈረደው በሥራው ላይ ነው። ይህን ፍርድ ጥያቄ ውስጥ የከተተው የታጠፈና የዛገ ብረት ነው። ኦወን ባብስን ሲያገኛት ቸኩሎ የተሰበረውን ሁሉ ጥሎ፣ በአዲስ ተክቶ፣ ቀለም ቀብቶ ቢያቆማት ኖሮ ቆንጆ መኪና ይገኝ ነበር። ምስክሩ ግን ከቆሻሻው ጋር ይሄድ ነበር።

አሥር ሚሊዮን ፓውንድና ሦስት ብረቶች

ሁለተኛዋ መኪና ቤንትሌይ ናት፤ «ኦልድ ነምበር ዋን» ይሏታል። በፈረንሳይ ለማን የ24 ሰዓት ውድድር በ1929ም በ1930ም አሸንፋለች። ያን ጊዜ ውድድር ለመኪና እንደ ጦር ሜዳ ነው። ከእያንዳንዱ በኋላ ያለቀው ይቀየራል፣ የተሻለው ይገጠማል። በ1932 ብሩክላንድስ ላይ ስትወዳደር ሞተሯ በ8 ሊትር ተተክቶ ነበር። በዚያ ውድድር ከመንገዱ ወጥታ ወደቀች፤ ነጂው ክላይቭ ደንፊም ሞተ። መኪናዋ እንደገና ተሠራች፤ አካሏም ተለወጠ።

በ1990 ይቺ መኪና በ10 ሚሊዮን ፓውንድ እንድትሸጥ ስምምነት ተደረገ። ከዚያ ገዢው ድርጅት «ይቺ ያቺ አይደለችም» ብሎ እምቢ አለ። ነገሩ ለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው ብረት በብረት እንዲመረመር አደረጉ። ውጤቱ የሚያስደነግጥ ነበር። ከ1930ው መኪና መቅረታቸው የታወቀው የፔዳል ዘንግ፣ የካምቢዮ ቤትና የመሪ ዘንግ ብቻ ነበሩ። ከ1929ኙማ ከትናንሽ ዕቃዎች በቀር በእርግጠኝነት ይኸው የሚባል አልነበረም።

ታዲያ ማን ረታ? ሻጩ። ዳኛው እንዲህ አሉ ማለት ይቻላል፦ ሁሉም ብረቷ የመጀመሪያው ነው ለማለት አይቻልም፤ ግን ይቺ መኪና አንድም ቀን ተበትና ጠፍታ አታውቅም። ከ1929 ጀምሮ እየተቀየረች፣ እየተጠገነች፣ እየተወዳደረች ታሪኳ ሳይቋረጥ መጥታለች። ይህን ስም ልትወስድ የምትችል ሌላ መኪና በዓለም የለችም። ስለዚህ እውነተኛዋ ኦልድ ነምበር ዋን እሷ ናት።

ከዚህ ፍርድ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ የአንድ ዕቃ ማንነት በብረቱ ብዛት ብቻ አይለካም። ሁለተኛው ደግሞ የሚዘነጋው ነው፦ ሻጩ ሊረታ የቻለው የእያንዳንዱ ለውጥ ዱካ ስለነበረ ነው። የትኛው ሞተር መቼ ገባ፣ አካሉ መቼ ተለወጠ፣ ማን ሠራው የሚለውን መከተል ባይቻል ኖሮ «ያልተቋረጠ ታሪክ» የሚባለው ነገር ባዶ ቃል ይሆን ነበር። አሥር ሚሊዮኑን ከሦስቱ ብረቶች ይልቅ ያዳነው ዱካው ነው።

ብረት እንዴት ይናገራል

አሮጌ ዕቃ የሚያጠና ሰው ከሁሉ በፊት ወደ ቁጥሩ ያያል። ግን በቁጥር ብቻ አያምንም፤ ለመቅዳት ቀላሉ እሱ ነውና። የሚያየው የቁጥሩን አመታት ነው። በዚያ ዘመን ቁጥር የሚመታው በመዶሻና በፊደል ማተሚያ፣ በሰው እጅ ነው። የአንድ ፋብሪካ «4» ከሌላው «4» ይለያል። ቁጥሩ ያለበት ቦታ ከዙሪያው ዝቅ ብሎ ከታየ ደግሞ አንድ ሰው የድሮውን ሞርዶ ሌላ መትቶበታል ማለት ነው።

ቀጥሎ ብሎኑን ይፈታል። የብሎን ጥርስ እንደ ዘዬ ነው፤ ባለቤቱን ያስታውቃል። የእንግሊዝ አሮጌ መኪኖች ዊትዎርዝ በተባለውና ከ1841 ጀምሮ በነበረው የጥርስ ልክ ይሠሩ ነበር። አሜሪካ፣ ካናዳና እንግሊዝ የተስማሙበት የጋራ ልክ የመጣው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ስለዚህ «ከ1929 ጀምሮ ሳይነካ የቆየ» በተባለ ሞተር ላይ በኋለኛው ልክ የተሠራ ብሎን ከተገኘ አንዱ ይዋሻል፤ ብሎኑ ደግሞ አይዋሽም። ዛሬ በየቤቱ ያለው ባለ መስቀል ራስ ካቻቢቴ የሚፈታው ቪስም እንዲሁ ነው። ፋብሪካዎች ውስጥ መግባት የጀመረው በ1930ዎቹ አጋማሽ ስለሆነ ከዚያ በፊት በተሠራ መኪና ላይ ከታየ እንግዳ ነው።

ከዚያ ፎቶ ይመጣል። የድሮ የውድድር ፎቶ በማጉያ መነጽር ሲታይ የተጣፈ ላሜራ፣ የተበሳ ቀዳዳ፣ የታጠፈ ጠርዝ ያሳያል። ዛሬ በእጅ ባለው ዕቃ ላይ ያው ቀዳዳ እዚያው ቦታ ካለ፣ ያ ቀዳዳ ከማንኛውም ማኅተም የበለጠ ነው። ችግሩ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ዕቃውን «ያደሰው» ሰው ትርፍ የመሰለውን ቀዳዳ በብየዳ ደፍኖ፣ አለስልሶ፣ ቀብቶት ከሆነ ነገሩ አለቀ። ቅን ልብ ይዞ የሠራው ሥራ አስመሳይ ከሚሠራው ጥፋት በምንም አያንስም።

አስመሳዩም ሰነፍ አይደለም። አንዲት መኪና በአደጋ ትሰባበራለች፤ ሻንሲዋ ለአንዱ፣ ሞተሯ ለሌላው ይሸጣል። ከአርባ ዓመት በኋላ ሁለቱ ሰዎች በየፊናቸው የጎደለውን አሟልተው ሁለት መኪና ያቆማሉ። ሁለቱም «እውነተኛዋ የኔ ናት» ይላሉ፤ ሁለቱም ትንሽ እውነት በእጃቸው አለ። እንዲህ ያለው ክርክር በጥንታዊ መኪና ዓለም ብርቅ አይደለም። የዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ያጸደቀው የቱሪን ቻርተርም የተተኩ ክፍሎች ተለይተው እንዲታወቁ፣ የተሠራውም ሁሉ እንዲመዘገብ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

ጋራዡስ?

ቶማስ የኖረበት፣ ደንፊ የሞተበት ብሩክላንድስ በ1907 የተከፈተ፣ ለመኪና እሽቅድምድም ተብሎ በዓለም የመጀመሪያው የተሠራ ሜዳ ነው። ዙሪያው 2.75 ማይል፣ ወደ 4.4 ኪሎ ሜትር ነበር። መታጠፊያዎቹ በኮንክሪት እንደ ግድግዳ የተጋደሙ ነበሩ። በ1939 ጦርነቱ ሲመጣ ውድድሩ ቆመ፤ ግቢው የአውሮፕላን ፋብሪካ ሆነ። ተመልሶም አልተከፈተም። ዛሬ ከፊሉ ሙዚየም ነው። የማልኮልም ካምቤል ጋራዥም እዚያው ቆሟል።

የሙዚየሙ ሰዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ነበር። በውድድሩ ማጠናቀቂያ መንገድ ላይ በ1940 የተሠራ የአውሮፕላን ሃንጋር ተገትሮበት ነበር። «የእሽቅድምድም ሜዳ እያደስን ነው» የሚል ሰው ሃንጋሩን አፍርሶ ለብረት ነጋዴ ይሸጠዋል። «ያለው ይኑር» የሚል ደግሞ መንገዱን እንደተቀበረ ይተወዋል። እነሱ ሃንጋሩን ፈታተው፣ አድሰው፣ ጎን ላይ መልሰው ተከሉት። መንገዱም ተከፈተ፤ ሃንጋሩም የአውሮፕላን ሥራው ታሪክ የሚነገርበት ቤት ሆነ። ሥራው በ2017 ተጠናቀቀ። አንዱን ዘመን ለማዳን ሌላውን ዘመን መግደል አላስፈለገም።

አሮጌ ጋራዥ የሚያድስ ሰው መማር ያለበት ከዚህ ነው። የጋራዥ ታሪክ ያለው ሰዎች ለማጽዳት በሚቸኩሉበት ቦታ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈ የዕቃ ልክ አለ። የቁልፎቹ ቅርጽ አንድ በአንድ የተሳለበት ሰሌዳ አለ፤ ቁልፉ ቢጠፋም ጥላው ቀርቷል። ጣሪያው ላይ ድሮ ቶርኖውን በቀበቶ የሚያዞረው ዘንግ የተንጠለጠለበት ብረት አለ። ሞርሳው የታሰረበት ጠረጴዛ አንድ ወገኑ ተበልቷል፤ ሠራተኛው በየት በኩል ይቆም እንደነበር ያሳያል። ይህን ሁሉ አራግፎ፣ ወለሉን ሴራሚክ አልብሶ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀብቶ፣ ከበሩ ላይ «ጥንታዊ ጋራዥ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ያደሰው ጋራዥ አይደለም። አዲስ ክፍል ሠርቶ የሟቹን ስም ሰጥቶታል።

«ዝገት ታመልካላችሁ?»

ለዚህ ሐሳብ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ የሚናቅም አይደለም። «የእሽቅድምድም መኪና የተሠራችው ለመሮጥ ነው፤ በዘመኗም ዕቃዋ በየሳምንቱ ይቀየር ነበር። በመስታወት ሣጥን ዘግታችሁ ዝገቷን ስታዩ የምትውሉ ከሆነ ገደላችኋት» ይላሉ። አንድ አሮጌ ብረት በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ቢሰበር ሰው ይሞታልም ይላሉ። ትክክል ናቸው። ባብስ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ነገር ግን ተቃውሞው የሚመታው ሌላ ሰው ነው። «አትቀይሩ» የሚል የለም። ብሩክላንድስ ሙዚየም ውስጥ ናፒየር ሬይልተን የምትባል መኪና አለች። በ1933 የሠራት የፓሪ ቶማስን ሥራ የወረሰው ድርጅት ሲሆን ንድፉን ያወጣው ሪድ ሬይልተን የቶማስ ረዳት የነበረ ሰው ነው። ሞተሯ 24 ሊትር ነው። ጆን ኮብ በ1935 የሜዳውን ፈጣን ዙር፣ በሰዓት 143.44 ማይል፣ የነዳው በእሷ ነው፤ ያ ቁጥር ሳይሰበር ሜዳው ተዘጋ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የአውሮፕላን ማቆሚያ ፓራሹት መሞከሪያ ሆና አገለገለች። ይቺ መኪና ዛሬም ሞተሯ ይነሳል። መሮጧም ታሪኳን አላጠፋውም፤ የፓራሹቱ ዘመን ሳይቀር የታሪኳ ክፍል ሆኖ ይነገራል።

ስለዚህ መቀየር አይከለከልም፤ ዝም ብሎ መቀየር ነው የሚከለከለው። አዲሱ ዕቃ አዲስ መሆኑ ይታወቅ፤ አሮጌው አይጣል፤ ቀኑና ምክንያቱ ይጻፍ። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሐቀኝነት ነው፤ እሱ ደግሞ ከገንዘብ ይከብዳል። «ሁሉም ኦሪጅናል ነው» የምትል ቃል ዋጋ ትጨምራለችና።

እዚህ ቤት

ይህ ሁሉ ኢትዮጵያን አይመለከትም የሚል ካለ ወደ ማንኛውም ጋራዥ ጎራ ብሎ ጆሮውን ይስጥ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባልስትራ፣ ቴስታታ፣ ቸርኬ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። መካኒኮቹ ጣሊያንኛ አልተማሩም፤ ቃሉ ከዕቃው ጋር ከመምህር ወደ ረዳት እየተላለፈ መጣ። «ጋራዥ» ራሱ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ለገሃር»ም ከፈረንሳይኛ «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ቃላቱ ራሳቸው ሊብሬ ናቸው፤ ዕቃው በማን እጅ እንደገባ ይናገራሉ።

ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል። የድሬዳዋው የባቡር ወርክሾፕ ከነአሮጌ ማሽኖቹ ዛሬም አለ። በመርካቶ ሱማሌ ተራ ደግሞ የተፈታ መኪና ዕቃ ላይ ቆመው «ይሄ የስንት ዓመተ ምህረት ሞዴል ነው» ሲባሉ ሳያቅማሙ የሚመልሱ ሰዎች አሉ። ይህ ዕውቀት ግን የተቀመጠው በሰው ራስ ውስጥ ነው። ባለሙያው ሲያርፍ አብሮት ይቀበራል፤ እንደ ባብስ ቆፍሮ የሚያወጣውም አይኖርም። አሮጌ ሰፈር ሲነሳ፣ አሮጌ ጋራዥ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጫነው ማሽኑ ነው፤ በሚዛን ይሸጣላ። ደብተሩ፣ የደረሰኙ ጥራዝ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ግን አቧራ ነው ተብሎ ይጠረጋል።

የአባቱን ፊያት 600 ወይም ቮልስ ሊያድስ የተነሳ ልጅ ለንደን መሄድ አያስፈልገውም። አንድ ብሎን ከመፍታቱ በፊት ከአራቱም በኩል ፎቶ ያንሳ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን፣ ከሊብሬው ላይም የቀድሞ ባለቤቶችን ስም ይገልብጥ። የሚነሳውን ዕቃ ሁሉ በከረጢት አድርጎ ከየት እንደወጣ ይጻፍበት። አዲስ የሚገባውን ከውስጥ በኩል ዓመተ ምህረቱን ይምታበት። ከዚያ መኪናዋን ለሃያ ዓመት የጠገኑት አዛውንት መካኒክ በሕይወት ካሉ፣ ቡና ይዞ ሄዶ፣ ስልኩን መቅረጫ ላይ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ቀዳዳ ማን በሳት?» ብሎ ይጠይቃቸው።

ቀለሙ ይደርሳል። ጋሼ ግን ላይደርሱ ይችላሉ።